ለአባቴ የሠራሁለት ድምፅ

በቤታችን ይህን ታሪክ ማንም አያነሣውም። እህቴ ምሕረት የሽምግልናዋን ዕለት ፎቶዎች ለእንግዳ ስታሳይ፣ አባቴ ሶፋው ላይ ኮምፒውተሩን ታቅፎ የተቀመጠበት ፎቶ ጋ ስትደርስ ፈጠን ብላ ታልፈዋለች። ለእኔ አዝና እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴም ወሬው ወደዚያ ካዘነበለ «ምግቡ ቀዘቀዘ» ትላለች። እንዲህ እየተሸፋፈነ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ያቺን እሑድ ሳስባት አሁንም ፊቴ ይግላል፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ትዝ ካለችኝ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

ሰብለ እባላለሁ። ያኔ ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ባለ ድርጅት የኮምፒውተር ሲስተም ኃላፊ ነበርኩ። የምንጠቀመው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ነው። ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ፣ ድምፅ ማውጫውም ሆነ ካሜራው፣ የራሱ ቋንቋ አለው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከዕቃው ጋር የሚግባባው ድራይቨር በሚባል ፕሮግራም በኩል ነው፤ ድራይቨሩ አስተርጓሚ ነው በሉት። ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ ለሌላ ሲስተም ብቻ ድራይቨር አዘጋጅቶ ሊኑክስን ከተወው፣ ዕቃው እዚያው ተሰክቶ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ናቸው ያንን ድራይቨር በትርፍ ጊዜያቸው ከባዶ ተነሥተው የሚጽፉት።

እኔ በዚህ ነገር ፍቅር የያዘኝ ሰው ነበርኩ። አልታወቅ ያለ ፕሪንተር፣ አልሠራ ያለ የዋይፋይ ካርድ ሲያመጡልኝ ምሳዬን ትቼ እቀመጥ ነበር። ዕቃው በመጨረሻ ሲነቃ የሚሰማኝን ደስታ ሌላ ነገር ላይ አላገኘሁትም። የሥራ ባልደረቦቼም ያውቁብኛል፤ ዝም ያለ ነገር ካለ ለሰብለ ስጧት ይሉ ነበር።

አባቴ ደግሞ ሙሉ ዕድሜውን በድምፁ ነው የኖረው። ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ቆሞ የባለጉዳዮችን ስም የሚጠራ ሠራተኛ ነበር። ማይክሮፎን አልነበረውም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ስሙን ሰምቶ ይነሣ ነበር። ልጅ ሆነን ከሠፈር ጨዋታ የሚጠራን እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠራን፤ መድገም አያስፈልገውም።

ጡረታ በወጣ በማግሥቱ ማለት ይቻላል ድምፁ መጎርነን ጀመረ። ብርድ ነው ሲባል፣ ጨጓራ ነው ሲባል ቆይቶ የጉሮሮ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ የድምፅ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ አወጡት። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ነው፤ እናቴ በሰፋችለት ስስ ነጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል። ሲያወራ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ትንፋሽ እንኳ በአፉ አይወጣም።

እናቴ ለወራት ፊቱን እያየች ከንፈሩን ማንበብ ለመደች። እህቴም ቀስ በቀስ ለመደች። እኔ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረኝ።

ጉርድ ሾላ ካለ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከሚሸጥበት ሱቅ አንዲት ትንሽ፣ ቀላል፣ ጭን ላይ የምትያዝ ኮምፒውተር ገዛሁ። ሊኑክስ ጫንኩባት። የተጻፈ አማርኛ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ጨመርኩ። ችግሩ ድምፅ ማውጫዋ ነበር፤ ውስጧ ያለው የድምፅ ቺፕ በሊኑክስ አይታወቅም፤ ድራይቨር አልተጻፈለትም። ብዙ ታግዬ ሲያቅተኝ ከውጭ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድና ስፒከር ገዝቼ ከጀርባዋ አሰርኩላት። ከዚያ አባቴ ጽፎ መስመሩን የሚጨርስባትን ቁልፍ ሲጫን ኮምፒውተሯ ትናገርለት ጀመር። ድምፁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፍንጫውን የያዘ ሰው ቧንቧ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ለእኔ ግን ከዘፈን ይበልጥብኝ ነበር።

መጀመሪያ የጻፈው «እናመሰግናለን ሰብልዬ» የሚል ነው። ኮምፒውተሯ ስትለው እናቴ አለቀሰች። እኔ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር።

ያንን ቪዲዮ ለሰው ሁሉ ላክሁት። በማኅበራዊ ሚዲያ ለጠፍኩት፤ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ አመሰገኑኝ፣ ባረኩኝ። መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች ቀን ሲያከብር አባቴን ቦሌ ድረስ ይዤው ሄድኩና መድረክ ላይ አስቀመጥኩት። «ጤና ይስጥልኝ፤ ደምሴ እባላለሁ፤ ይህን ድምፅ የሰጠችኝ ልጄ ናት» አለ በማሽኑ። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ እንደ መጀመሪያው ይህንንም ቀርጬ ለጥፌዋለሁ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። አባቴም ፈገግ ብሎ እጁን አንገቱ ላይ ባለችው ጨርቅ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ያ ፈገግታ የደስታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምሕረት የምታገባው ልጅ ሽማግሌ ላከ። መጀመሪያ የመጡ ቀን በወጉ መሠረት ተመካክረን መልስ እንሰጣለን ተብለው ተቀጠሩ። ቁርጡ የሚነገረው በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ማን ይናገር የሚለው ነገር ቤት ውስጥ ተነሣ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ተፈራ ወንድሙን ወክሎ ለመናገር ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። እናቴም «እኔ አጠገቡ ሆኜ ያለውን እላለሁ» አለች። እኔ ሁለቱንም ተቃወምኩ። አባዬ መናገር እየቻለ ለምን ሌላ ሰው ይናገርለታል ብዬ ተከራከርኩ። ለሴት ልጁ ጠያቂዎች በራሱ አንደበት መልስ መስጠት መብቱ ነው አልኩ። እናቴ ወደ አባቴ ዞር አለች። አባቴ ኮምፒውተሯን ትንሽ ሲያያት ቆይቶ «እሺ» ብሎ ጻፈ። ማሽኑም እሺ አለ። ነገሩ አለቀ።

እሑድ ደረሰ። ለሚ ኩራ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ጠባብ ነው፤ ከጎረቤት ወንበር ተበድረን ደረደርን። ጠዋት የሚሠራ ሰው ብዙ ነበር፤ እኔ ግን ከአባቴ ኮምፒውተር አጠገብ አልተነሣሁም። ድምፁ ትንሽ ጠርቶ ቢሰማ ብዬ ሲስተሙን ወደ አዲሱ ስሪት ከፍ አደረግሁት። አጥፍቼ ሳበራት በደንብ ተነሣች። ድምፁን ልሞክር ስል እናቴ ወንበር የሚያነሣላት አጥታ ጠራችኝ፤ ወንበሩን ይዤ ስመለስ ሽማግሌዎቹ ደረጃው ላይ ናቸው ተባለ።

በኋላ ስመረምረው ያወቅሁትን እዚህ ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሆነው አይገባችሁም። ለዚያ ለማይታወቀው የውስጥ ቺፕ አንድ ሰው የሆነ አገር ቁጭ ብሎ ድራይቨር ጽፎለት ኖሯል። አዲሱ ስሪት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ሲስተሙ አሁን ሁለት ድምፅ ማውጫ አየ፤ እኔ ካሰርኩለት ይልቅ የራሱን መረጠ። ቺፑ ግን ከድራይቨሩ በተጨማሪ ሌላ ፋይል ይፈልጋል፤ እሱ አልተጫነም። በዚህ ምክንያት የተላከለትን ድምፅ ሁሉ ይቀበላል፤ ምንም አያወጣም። የተቀበለው ደግሞ አይጠፋም፤ ተራውን እየጠበቀ ይደረደራል።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ዋናው ሽማግሌ አቶ በላይነህ ናቸው፤ ረጅም፣ ከዘራ የያዙ፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ የሚሰጡ ሰው። ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም አሉ፤ ተለምነው ተቀመጡ። ባለፈው የተናገሩትን በአጭሩ ደገሙና መልሱን ለመስማት እንደመጡ ተናገሩ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። እህቴ በወጉ መሠረት መኝታ ክፍል ውስጥ ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰማለች።

አባቴ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ጽሑፍ አውጥቶ ቁልፉን ተጫነ።

ምንም።

ድጋሚ ተጫነ። አሁንም ምንም። ሌላ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ተጫነ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ፊት የሚረዝም ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከመካከላቸው አንዱ ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። ጋሼ ተፈራ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊነሣ ሲል በእጄ ምልክት አስቀመጥኩት።

አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡኝ አልኩና የራሴን ላፕቶፕ ከቦርሳዬ አውጥቼ ከአባቴ ሶፋ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በቤቱ ዋይፋይ ከእሱ ኮምፒውተር ጋር ተገናኘሁ፤ ሲስተሙ የሚጽፋቸው መልእክቶች በስክሪኔ ላይ መውረድ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ረሳሁት። እንደ ሥራ ቦታዬ ሆነብኝ። አባቴ ትከሻዬን በጣቱ ነካ አደረገኝ፤ ቀና ሳልል «ቆይ አባዬ፣ አገኘሁት» አልኩት። ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙሮ ሲጽፍ የቁልፎቹን ድምፅ እሰማለሁ። ሳላየው «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። እንደገና ነካኝ። እንደገና ጻፈ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያቺ ማሽን ስትሠራ አባቴ የሚጽፈውን ሁሉ ትናገር ነበር። የጻፈውን ለአንድ ሰው ብቻ በስክሪን የሚያሳይበት፣ ድምፅ የማይወጣበት መንገድ አላበጀሁለትም። ሰው መናገር እየቻለ ዝም ማለት ሊፈልግ ይችላል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። እሱም መስመሩን ሲጨርስ ያችኑ ቁልፍ መጫን እጁ ለምዶታል።

ሲስተሙ የተሳሳተውን ድምፅ ማውጫ እንደመረጠ አየሁ። ደስታ ሽቅብ መጣብኝ። አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ፤ የተደረደረውን ድምፅ እኔ ወዳሰርኩት ስፒከር አዛወርኩት።

ማሽኑ ተናገረ። «እንኳን ደኅና መጣችሁ። ቤታችንን ስላከበራችሁልን እናመሰግናለን። ልጃችንን ምሕረትን ለልጃችሁ ሰጥተናል።»

እፎይታው በሳሎኑ ተሰማ። አቶ በላይነህ ለምርቃት ከወንበራቸው መነሣት ጀመሩ። እናቴ እጇን ወደ አፏ ወስዳ እልል ልትል ነው። ማሽኑ ግን ቀጠለ፤ አባቴ ቁልፉን በተጫነ ቁጥር የተላከው ሁሉ ተራ ይዟል። «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብሎ ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ «ሰጥተናል» ሲል ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ፤ ጋሼ ተፈራም «አጥብቆ ሰጥቷችኋል» ብሎ ቀለደ። እኔም ስቄ ቀና አልኩ። አባቴ አይስቅም። ሁለት እጁን ስፒከሩ ላይ አድርጎ ለማፈን ይታገላል። ያን ጊዜም አልገባኝም።

«ሰብልዬ፣ ድምፅ የለውም» አለ ማሽኑ። «ተይው። ተፈራ ይናገርልኝ።»

ሳቁ ቆመ።

«ሰብለ፣ ወደዚህ እይ። ልጄን በዚህ ድምፅ መስጠት አልፈልግም። ይህ ድምፅ የእኔ አይደለም። ደክመሽበታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለሰው ስታሳዪኝ አፍራለሁ።»

ማሽን ስለሆነ አይቸኩልም፣ አያዝንም። እያንዳንዷን ቃል «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ባለበት በዚያው ድምፅ ተናገራት። ስፒከሩን ከገመዱ ነቅዬ ስጥለው ሁሉም ተነግሮ አልቋል።

መሬት ላይ ገመዱን ይዤ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን፣ ምንጣፉን፣ ጣሪያውን ያያሉ፤ ማንም እኔን አያይም፤ ያ ደግሞ ከማየታቸው የባሰ ነበር። ከእነሱ አንዱ «አልፈልግም» የሚለውን ብቻ ይዘው ኖሯል፤ አጠገባቸው የተቀመጡትን በሹክሹክታ «አልሰጥም ማለታቸው ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። መኝታ ቤቱ በር ተከፍቶ ምሕረት ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ወጣች። የእህቴን ቀን እንዳበላሸሁት ያየሁት ያኔ ነው። ተነሥቼ ወደ ወጥ ቤት ልገባ ፈለግሁ፤ በሽማግሌዎቹ መካከል ማለፍ ግን አልደፈርኩም።

አባቴን ማየት ስላልቻልኩ እግሩን ነበር የማየው። የበዓል ጫማውን አድርጓል። ጫማው ሲንቀሳቀስ፣ ሲቆም አየሁ። የኮምፒውተሯን ክዳን በቀስታ ዘግቶ ሶፋው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ እናቴን በእጁ ጠራት፤ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አባቴ ከንፈሩን በዝግታ ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ እናቴ እያየችው ተናገረች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል። የአባትና የልጅ ጨዋታ ነበር፤ እናንተ ፊት ወጣ። ክፉ አትዩብን።» ትንሽ ጠብቃ ቀጠለች። «ልጃችሁን አይቼዋለሁ። ስታመም ሆስፒታል እየመጣ አጠገቤ ሲቀመጥ ማንነቱን አውቄዋለሁ፤ ያኔ ገና ሽማግሌ አልላከም ነበር። ምሕረትን ሰጥቻለሁ። ተፈራ ስላለ፣ ማሽን ስላለ አይደለም፤ እኔ ደምሴ ሰጥቻለሁ ይላል።»

እናቴ እዚህ ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። አባቴ ግን አልጨረሰም። ከንፈሩ አሁንም ይንቀሳቀሳል። ወደ እኔ እያየ ነው። ያለውን ደገመው። እንደገና ደገመው፤ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የመታኝ ያህል ደንግጦ ነበር። እኔ አፉን አየሁት፤ ከንፈሩ ይገጥማል፣ ይከፈታል፣ ይገጥማል። ምን እንዳለ አላወቅሁም። ክፍሉ ውስጥ ላለው ቤተሰብ ሁሉ፣ ለጋሼ ተፈራ ሳይቀር፣ ገብቶታል። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ያንን ሁሉ ወር ስክሪኑን እንጂ ፊቱን አይቼ አላውቅም ነበር።

ምሕረት አጠገቤ መጥታ ጎንበስ አለች።

«ሰብለ ከመሬት ትነሣ ነው የሚለው» አለችኝ።

እጇን ይዤ ተነሣሁ። አቶ በላይነህ ያን ጊዜ ቆመው መረቁ፤ እልልታው መጣ፤ ምግብ ቀረበ። ሰው ሁሉ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ በላ፣ ተጫወተ። እኔ ሳህን አቀርባለሁ፣ ሳህን አነሣለሁ፤ የማንንም ዐይን አላየሁም። ሲሸኙ አቶ በላይነህ ደረጃው ጋ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩና እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው አንዲት ትንሽ ነገር አወጡና በመዳፋቸው ይዘው አሳዩኝ። ጆሮው ለደከመ ሰው የሚሆን መስሚያ ነበር።

«ልጆቼ ናቸው የገዙልኝ» አሉኝ። «ከቤት ስወጣ አደርገዋለሁ፤ መታጠፊያው ጋ ስደርስ አወልቀዋለሁ። አያውቁም። አንቺ የዛሬውን ዕድል አግኝተሻል፤ አባትሽ ነግሮሻል።»

ዕድል መሆኑ ያን ቀን አልታየኝም። ለብዙ ቀናት ከቢሮ አምሽቼ እየገባሁ ከአባቴ ጋር ላለመገናኘት ሞከርኩ። የቤቱንም የመድረኩንም ቪዲዮ ከለጠፍኩበት አጠፋሁ። ከማጥፋቴ በፊት አንድ ጊዜ አየኋቸው። በፊት የማሽኑን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው፤ አሁን ድምፁን ዘግቼ አባቴን ተመለከትኩት። ሰዎች ሊያዩት ሲጠጉ ወደ ኋላ ይሸሻል። የአንገቱን ጨርቅ ደጋግሞ ያስተካክላል። መድረክ ላይ እጁን እዚያ ያሳረፈው ቀዳዳውን ከሰው ሊደብቅ ኖሯል። ሁሉም እዚያው ቪዲዮዎቹ ላይ ነበር።

የውስጥ ድምፅ ቺፑን ችግር ለመፍታት ጊዜ አልፈጀብኝም። የጎደለውን ፋይል አገኘሁ፤ ድራይቨሩን ለሚጽፉት ሰዎች ፋይሉ በሌለበት ቺፑ ድምፅ እየተቀበለ እንደሚያፍን፣ ከሚያፍን ይልቅ አልችልም ብሎ ስህተቱን ቢያሳውቅ እንደሚሻል ጽፌ ማስተካከያውን ላክሁላቸው። ተቀበሉት። ዛሬ ያ ዓይነት ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ስሜም ከለውጡ ጋር ተጽፏል። ዱሮ ቢሆን ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ አሳየው ነበር። ለማንም አላሳየሁም።

ማሽኗን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ሰጠኝ። ስልክ ለመደወል እንደሚፈልጋት፣ በስልክ ከንፈር ስለማይታይ እዚያ እንደምትጠቅመው ጽፏል። ቀጥሎ የሚፈልገውን ዘርዝሯል፤ ድምፅ የምታወጣው መስመር ከሚጨርስባት ሌላ፣ ለብቻዋ የሆነች ቁልፍ ሲጫን ብቻ ይሁን፣ የጻፈውን ሳይነገር ማጥፋት ይቻለው፣ ሰው ፊት እሱ ካላለ በቀር አትከፈት። ወረቀቱን አንብቤ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ፤ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ሥራሽን ሥሪ ማለቱ ነው፤ ያቺ እንኳ ገባችኝ። የጠየቀውን ለመሥራት አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ከመጀመሪያው ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁትም።

ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ያለባችሁ፣ የእኔን ሀፍረት እንድትካፈሉልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ምናልባት እናንተም አንድ ነገር ገዝታችሁላቸዋል፤ ከዘራ፣ መነጽር፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ስልክ። ምናልባት አመስግነዋችኋል። ሰዎች ባሉበት ሳይሆን ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ፊታቸውን እያያችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ቶሎ ካልመጣ ጠብቁ። እኔ ዝምታ ሁሉ ብልሽት ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ መጠበቅ አልችልም ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተሻለኝም። መሥሪያ ቤት ሰው ሲያወራኝ ወደ ስክሪኑ ስዞር ራሴን እይዛለሁ።

ከንፈር ማንበብ ከሁሉም ዘግይቼ ነው የጀመርኩት። አባቴ ራሱ አስተማረኝ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ፊት ለፊት እንቀመጥና ቃል ይልልኛል፤ እገምታለሁ፤ ስሳሳት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ለረጅም ጊዜ ነጠላ ቃላት ብቻ ነበር የምይዘው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለማንም እርዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት ምሳ ላይ ነው። እናቴ ውኃ ልታመጣ ተነሥታ ሄዳለች። አባቴ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብሎ አየና ወደ እኔ ተጠግቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሳላስደግመው ገባኝ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት ነው ያለው።

እናቴ ውኃውን ይዛ ተመለሰችና ምን እያወራችሁ ነው አለች። ምንም አልኳት። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።